ከመኪናዬ ሥር የተቀደደው ዕቃ ስሙ ማን ነው?

ጥያቄ፦ «መኪናዬ በፈረንጅ 2008 የተሠራች ቪትዝ ናት፤ ሞተሯ 1.3፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ። የምኖረው አዳማ ነው። ኮረኮንች ላይ ከፊት በግራ በኩል ኳ ኳ ትላለች። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ስነሳ ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጎማው ጀርባ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ላስቲክ ተቀዷል፤ የቸርኬው ውስጠኛ ጎንም ጥቁር ቅባት ተረጭቶበታል። አንድ መካኒክ ‹የመሪ ዘይት እያፈሰሰ ነው፣ የመሪው ራክ በሙሉ ይቀየር› አለኝ። ሌላው ‹ጆይንት ነው› ብሎኝ ሄደ። ትክክለኛ ስሙን ብቻ ንገሩኝና አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ ልግዛው። ወይስ ላስቲኩን አጣብቄ ልንዳት?»

መልስ፦ ራኩን (የመሪውን መዞር ወደ ግራና ቀኝ ግፊት የሚለውጠውን ክፍል) አያስቀይሩ። በእርስዎ ዘመን ቪትዝ ላይ መሪውን የሚያቀልለው ዘይት አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ ሥር የመሪው ዘንግ ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የመሪ ፓምፕ የለም፣ የመሪ ዘይት ቱቦም የለም። ካላመኑኝ ኮፈኑን ከፍተው የመሪ ዘይት መሙያ ይፈልጉ፤ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውኃና የመስታወት ማጠቢያ ውኃ መያዣዎችን ያገኛሉ፤ የመሪ ዘይት መያዣ ግን አያገኙም። የሌለ ዘይት ደግሞ አይፈስም። መካኒኩ ሊያታልልዎት ፈልጎ ነው አልልም፤ በዘይት መሪ ላይ የለመደ ሰው ከፊት ጎማ ጀርባ ቅባት ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ይኸው ነው።

ስሕተቱ ሌላም ምክንያት አለው። ከፊት ጎማ ጀርባ እንደ አኮርዲዮን የሚጣጠፈው ላስቲክ በየጎኑ ሦስት ነው። አንዱ ጎማውን ተጠግቶ የተቀመጠ፣ አጭርና ወፍራም፣ በጎማው በኩል ሰፍቶ ወደ መኪናው መሃል እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ይህ የውጭው ሲቪ ጆይንት (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው በሚያደርሰው ሻፍት ጫፍ ላይ ያለ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ሽፋን ነው። ሁለተኛው የእሱ ወንድም ነው፤ በዚያው ሻፍት ሌላኛ ጫፍ፣ ካምቢዮው አጠገብ ያለውን የውስጠኛውን ጆይንት ይሸፍናል። ሦስተኛው ቀጠንና ረዘም ያለ ሆኖ ከእነዚህ ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ይገኛል፤ እሱ ከራኩ ጫፍ ወጥቶ ጎማውን የሚያጥፈውን ዘንግ፣ ታይሮዱን፣ ይሸፍናል። መሬት ላይ ተንበርክኮ በስልክ መብራት ለሚያይ ሰው ሦስቱም ያው ጥቁር የተጣጠፈ ላስቲክ ናቸው። ፎቶ አንስተው ለአሥር ሰው ቢልኩ ሦስት ዓይነት ስም ይዘው የሚመለሱትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መልኩን ይተዉትና አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ከምን ጋር ነው የሚንቀሳቀሰው? ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ከሆነ ኃይል ከሚያስተላልፉት ወይም ጎማውን ከያዙት ወገን ነው፤ ሻፍቱ፣ ሲቪ ጆይንቱ፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ የፍሬን ዲስኩ። የማይሽከረከር ሆኖ ሰው መሪ ሲያዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፋና የሚሳብ ከሆነ የመሪው ወገን ነው፤ ራክና ታይሮድ። መኪናዋን ከላይ ሲጫኗት አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ አሞርዛተር፣ ሎወር አርም (ጎማውን ከሥር የያዘው ክንድ)፣ ቦል ጆይንት (ያንን ክንድ ጎማውን ከያዘው አካል የሚያገናኘው የኳስ መገጣጠሚያ) ወይም ስታብላይዘር ሊንክ ነው። ምንም ቢያደርጉ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ከቦዲው ጋር የታሰረ ነው፤ የሞተር ጎሚኒ መያዣ፣ የማርሚታ ማንጠልጠያ፣ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ። የመሽከርከሩን ጥያቄ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ሲቪ ጆይንት መሪ ሲዞርም አብሮ ይታጠፋል፤ ከመሪው የጀመረ ሰው የመሪ ዕቃ ነው ብሎ ይደመድማል።

ይህም ካልበቃዎት የዕቃውን ሁለት ጫፎች በጣትዎ ይከተሉ። ከመኪና ሥር ያለ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል አንዱን ነገር ከሌላው የሚያገናኝ ነው። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ በሁለት ጫፉ ትንንሽ የኳስ መገጣጠሚያ ያለው፣ አንዱ ጫፍ አሞርዛተሩ ላይ ሌላው ጫፍ ከግራ ወደ ቀኝ በሚያቋርጠው ብረት ላይ የታሰረ ዘንግ ካገኙ ስታብላይዘር ሊንክ ነው። ስሙን ባያውቁት እንኳ «አሞርዛተሩን ከዚያ አግድም ብረት የሚያገናኘው» ካሉ ማንኛውም ሻጭ ይገባዋል።

ወደ ፍተሻው ከመግባትዎ በፊት ይህን አጥብቀው ይያዙልኝ። ክሪክ መኪና ለማንሳት ነው፤ ለመደገፍ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ ለግድግዳ የተሠራ ባዶ ሆድ ነው፤ ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረከሳል፤ ድጋፍ ብለው እንዳያስቡት። ደልዳላ ሲሚንቶ ወለል ይፈልጉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ታኮ ያስይዙ፤ መኪናዋን ካነሡ በኋላ ቦዲዋን በብረት ድጋፍ ላይ ያሳርፉ። ለእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ከሥር መግባትም አያስፈልግዎትም፤ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት ከፊቱ በኩል ወደ ጎማው ጀርባ እጅ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ያገኛሉ።

አሁን ላስቲኩን በጨርቅ ይጥረጉና በነጭ ቀለም ወይም በቾክ አንድ መስመር ያስምሩበት። የግራው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ማርሹን ኤን ላይ ያድርጉት። ፒ ላይ ከተዉት የተነሣው ጎማም አይዞርልዎትም፤ ብዙ ሰው «ጎማው ተጣብቋል» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ኤን ላይ ሲሆን ደግሞ መኪናዋን የሚይዛት የእጅ ፍሬኑና ታኮው ብቻ ስለሆነ ቅድም ያልኩትን እንዳይዘሉት። ጎማውን በእጅ ሩብ ዙር ያዙሩት። መስመሩ አብሮ ከዞረ ሲቪ ጆይንት ነው። መስመሩ ባለበት ከቆመ የራክ ሽፋን ነው። ለዚህ ፍተሻ ጋራዥ አያስፈልግዎትም፤ ዋጋውም የአንድ ቾክ ነው።

የእርስዎ መስመር እንደሚዞር አሁኑኑ እወራረዳለሁ፤ ምክንያቱም ቅባቱ አስቀድሞ ነግሮኛል። ከማይሽከረከር ዕቃ የሚወጣ ነገር ወደ ታች ይንጠባጠባል። ቸርኬ ውስጠኛ ጎን ላይ በክብ የሚረጭ ቅባት ግን ከሚሽከረከር ዕቃ የተወረወረ ነው። በጣትዎ ሲነኩት ወፍራምና ጥቁር ሆኖ እንደ እርሳስ ዱቄት ብልጭ የሚል ከሆነ የሲቪ ጆይንት ግሪስ ነው፤ ያ ብልጭታ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሚቀላቀልበት የሞሊብዲነም ውህድ ነው። ግን በነጭ ሶፍት ጠርገው ይዩት። እንደ ውኃ የቀጠነና የሚያንሸራትት ፈሳሽ ካገኙና የፍሬን ዘይቱ መያዣም ከጎደለ ነገሩ ሌላ ነው፤ የፍሬን ዘይት ነውና መኪናዋን ከቆመችበት አያንቀሳቅሷት። በአሞርዛተሩ አካል ላይ ብቻ ወዝቶ አቧራ የያዘ እርጥበት ከሆነ የአሞርዛተሩ የራሱ ዘይት ነው።

ድምፁም ይስማማል። መሪ ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው የውጭው ሲቪ ጆይንት ነው። ጎኑን ለማረጋገጥ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን አጥፈው በቀስታ ክብ ይዙሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚጮኸው ከክቡ ውጭ በኩል ያለው ጆይንት ስለሆነ የግራው ከተበላ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይብስበታል። ቀጥ ብለው ሲነዱ ነዳጅ በሰጡ ቁጥር መኪናዋ የምትንቀጠቀጥ ቢሆን ኖሮ ውስጠኛውን እጠረጥር ነበር። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ እየጎላ የሚሄድ እምምም የሚል ድምፅ ደግሞ የኩሽኔታ ጠባይ ነው።

እንግዲህ ስሙ ይኸውልዎት፦ የፊት ግራ የውጭ ሲቪ ጆይንት። የተቀደደው ሽፋኑ ነው።

ማጣበቁን ይርሱት። ላስቲኩ በጎማው ዙር ልክ ይሽከረከራል፣ መሪ በታጠፈ ቁጥር በአንድ ጎን ይለጠጣል በሌላው ይጨማደዳል፤ ላዩም ግሪስ የጠገበ ነው። ይህን የሚችል ማጣበቂያ እስካሁን አልገጠመኝም። ፌስታል ጠቅልለው በሲባጎ ያሰሩ ታክሲዎች አይቻለሁ፤ ፌስታሉ ሲፈታ ሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ የፍሬን ቱቦ አጠገብ ደርሶ ነበር። ከዚህ ይልቅ ሊጠይቁ የሚገባዎት ላስቲኩ ብቻ ይቀየር ወይስ ጆይንቱም የሚለውን ነው። በጆይንቱ ሆድ 6 የብረት ኳሶች በተጠረበላቸው ቦይ ውስጥ ይሄዳሉ። ላስቲኩ ሲቀደድ ግሪሱ ይወጣል፣ በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል፤ የቀረው ግሪስ ከአሸዋው ጋር ተለውሶ ሞረድ ይሆናል። ቀዳዳው በተገኘ ሰሞን፣ ድምፅ ሳይጀምር፣ ጆይንቱን አጥቦ አዲስ ግሪስና አዲስ ላስቲክ ማድረግ በቂ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። የእርስዎ ግን ቀጭ ቀጭ ብሏል። ይህ ማለት ቦዩ ተበልቷል፤ አዲስ ግሪስ ድምፁን ለጥቂት ቀን ያፍነው እንደሆነ እንጂ የተበላ ብረት አይመልስም። ጆይንቱን ከነላስቲኩ ይቀይሩ።

አሁን ሶማሌ ተራ እንሂድ። እዚያ «የቪትዝ ጆይንት» ብለው ከጠየቁ አንዱ ሻጭ ሲቪ ጆይንት፣ ሌላው ቦል ጆይንት ያወርድልዎታል፤ ሁለቱም አልዋሹም። የጋራዥ ቋንቋችን ከፊሉ ከጣሊያን፣ ከፊሉ ከእንግሊዝኛ፣ የቀረው ከየሰፈሩ ስለሆነ አንድ ቃል ብቻውን ዕቃ አያስገዛም። «ቪትዝ» የሚለውም ቢሆን አንድ ዕቃ አይደለም። በዚያ ዘመን ካሉት ባለ 1.0ው ኬኤስፒ90፣ ባለ 1.3ቱ ኤስሲፒ90፣ ባለ 1.5ቱ ኤንሲፒ91 ይባላል፤ በአራት ጎማ የሚነዳውና 1.3 ሞተር ያለው ደግሞ ኤንሲፒ95 ነው። የሞተሩ መጠን አንድ ሆኖ የሻንሲው መለያ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። ሊብሬዎን ይያዙ፤ የሻንሲ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ይህን ያገኙታል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን አሮጌውን አስፈትቶ ይዞ መሄድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ጥርሶቹን ይቁጠሩ፤ ጎማው በኩል የሚገባውም፣ ሻፍቱ የሚገባበትም ጥርስ እኩል መሆን አለበት። ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈውን አንገት ውፍረት ያመሳስሉ። አሮጌው ላይ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ጥርስ ያለው ቀለበት ካለ አዲሱም ላይ ይኑር፤ ከሌለው የኤቢኤስ መብራት በርቶ ይቀራል። ጆይንቱን ትተው ያገለገለ ሙሉ ሻፍት ለመግዛት ካሰቡ የግራና የቀኝ ርዝመት እንደሚለያይ፣ የአውቶማቲክና የማንዋል ሻፍትም አንዱ በሌላው ቦታ ላይገባ እንደሚችል ያስታውሱ። ያገለገለውን ሲመርጡ ላስቲኩን አይመኑ፤ ጆይንቱን በእጅዎ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አጥፈው ያዙሩት፣ ከቀጨጨ ወይም ከነከሰ ይመልሱት። በነገራችን ላይ የመኪናዎ መሪ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ ለሻፍት ይጠቅምዎታል እንጂ ለራክና ለመሪ ዘንግ አያገለግልም፤ የተገጠመውን ራሱን ማየት ግድ ነው።

ሲገጠም አጠገቡ ይቁሙ። የሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ከንፈሩ ተመትቶ የተቆለፈ ነው፤ ሳይቃና በጉልበት ከተፈታ ጥርሱን ይበላል። ዳዶው አዲስ ይሁን፤ በፋብሪካው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ይጥበቅ፤ ከንፈሩም ተመልሶ ይመታ። ሻፍቱን ለማስወጣት ጫፉን በመዶሻ በቀጥታ መምታት ጥርሱን ያሳብጣል፤ መሃሉ ላይ እንጨት ወይም ነሐስ ይግባ። ሻፍቱ ከካምቢዮው ከወጣ ዘይት ይፈሳልና ልክክ ብሎ በትክክለኛው ዓይነት ይሞላ። ዳዶው ተፈትቶ ሳለ መኪናዋን መሬት ላይ አውርዶ መግፋት ደግሞ ደህናውን ኩሽኔታ ይገድለዋል።

ይህ ሁሉ ቀጭ ቀጩን ነው የሚያጠፋው። ኳ ኳው ይቀራል። እርስዎ አንድ ጎን ላይ ስላሉ አንድ ችግር አድርገዋቸዋል፤ የተቀደደ ላስቲክ ግን ኮረኮንች ላይ አያንኳኳም።

ለማንኳኳቱ ከሁሉ በፊት ቦል ጆይንቱን ነፃ ያውጡት ወይም ይክሰሱት፤ ከተጠርጣሪዎቹ መሃል ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ሲቪ ጆይንት ቢሰበር ብዙውን ጊዜ መኪናዋ መሄድ ታቆማለች፤ ቦል ጆይንት ከወለቀ ግን ጎማው ከሥር ይታጠፋል፣ መሪም የለም። ጎማው ተነሥቶ ሳለ ከላይና ከታች ይዘው ገፋ ሳብ ያድርጉት። ንቅናቄ ካለ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎትና እንደገና ይሞክሩ፦ ፍሬን ሲረገጥ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ወደ ቦል ጆይንቱ ያመለክታል። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዘው ይሞክሩ፤ እዚህ ብቻ ከተነቃነቀ ታይሮዱ ነው። ቦል ጆይንቱን በትክክል ለማየት ረጅም ብረት በሎወር አርሙና ጎማውን በያዘው አካል መሃል አስገብቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ይህን ለጋራዥ ይተዉት፣ ግን ሲያደርጉ ይዩ።

ስታብላይዘር ሊንኩን የሚፈትሹት በተቃራኒው ነው፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች መሬት ላይ ሳሉ። አንዱ ጎማ ብቻ ከተነሣ አግድሙ ብረት ተጠምዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው የላላው ጠባቂ መስሎ ይታያል። ብዙ ደህና መካኒክ ሊንኩን «ጤነኛ ነው» ብሎ የሚያልፈው በዚህ የተነሣ ነው። መሪውን አጥፈው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ እጅዎን ከጎማው ኋላ አስገብተው ዘንጉን በኃይል ይነቅንቁት። ኳ የሚል ስሜት መዳፍዎ ላይ ከመጣ አግኝተውታል። በዝግታ ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ለሚሰማ ማንኳኳት የመጀመሪያ ግምቴ ይኸው ሊንክ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ርካሽም ነው። ቀጥሎ የሎወር አርም ጎሚኒ፣ ከዚያ የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ ይመጣሉ።

አሞርዛተር ቀይሩ ቢሉዎት ግን ፍተሻው ሳያልቅ አይስማሙ። አንድ ደንበኛ ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች ሌላ ቦታ ካስቀየረ በኋላ ያው ማንኳኳት አለ ብሎ መጣ። ግማሽ ቀን ፈልገን ያገኘነው ከማርሚታው በላይ ያለች የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ነበረች፤ አንዷ ብሎን ዝጋ ወድቃ ቆርቆሮዋ ወለሉን ትመታ ነበር። ድምፅ በብረት ላይ ይጓዛል፤ ሾፌሩ «ከፊት በግራ» የሚለው ጆሮው የነገረውን ነው። እኔም ሳልነካው «ሊንኩ ነው» ብዬ አልምልም። የሲቪውን ግን ቅባቱና ድምፁ አንድ ላይ ስለመሰከሩ በልበ ሙሉነት ተናግሬዋለሁ።

ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ በከተማ ውስጥ፣ በዝግታ፣ መሪ እስከ መጨረሻ ሳያጥፉ መንቀሳቀስ ይችሉ ይሆናል፤ እሱም ቦል ጆይንቱ ታይቶ ደህና ከሆነ ብቻ ነው። ዕቃ ለመግዛት ብለው ይቺን መኪና በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እንዳይነዷት። ቾኩን ዛሬ ያስምሩ፣ ቦል ጆይንቱን ነገ ያስፈትሹ፣ ጆይንቱን እዚያው አዳማ ያስፈቱና በፌስታል ቋጥረው በአውቶቡስ ይሂዱ።